ከመኪናዋ ሥር የጠበቅኩት አዛን

ድሬዳዋን የማታውቋት ካላችሁ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ጋ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ የሰው በር አይንኳኳም። ሙቀቱ ሰዉን ከመንገድ ይጠርገዋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። የሚተኛው ይተኛል፣ ጫት የሚቅመው በርጫው ላይ ይቀመጣል፣ ቬንትሌተሩ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። ከተማዋ እንደገና ዓይኗን የምትገልጠው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የዐስር ሰላት አዛን ሲጠራ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚያው ነው የሚነሳው። ከዚያ በፊት ጎረቤቱን የሚቀሰቅስ ሰው ወይ ቤቱ እየተቃጠለበት ነው፣ ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነው።

እኔ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ሆኜ መኪና ሥር የገባሁት በዚያ ሰዓት ነው። ያውም ሆን ብዬ፣ ማንም እንዳያየኝ።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ባለቤቴ ጌታቸው ከሞተ ወራት አልፈው ነበር። ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ በሻዩ ስኳር ከእኔ ጋር ተነታርኮ ወደ ሥራ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ተሰብስበው በራችን ላይ ቆሙ። ልቡ ነው አሉ። ልጅ አልወለድንም። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ነን፤ ከዚያ እኔ ብቻ ቀረሁ።

አላለቀስኩም። ድንኳን ተጥሎ፣ እድርተኛው ተሰብስቦ፣ እህቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ የድንኳኑን ገመድ ቋጠሮ አይ ነበር። ማን እንዳሰረው እንጃ፣ ላልቶ ነበር፣ እስኪፈታ እጠብቅ ነበር። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣

“ልጄ፣ ትንሽ እንኳ ጩኺ እንጂ፤ ሰው ምን ይላል?” አሉኝ።

ሰው ምን እንዳለ በኋላ ሰማሁ። “ደረቅ ናት” አለ። እውነቱን ነው፣ ደረቅ ነበርኩ። ሐዘን ቢሆን ኖሮ ባወቅኩት። ሐዘን አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። የበላሁት አይጣፍጠኝም፣ አይመረኝምም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። ጠዋት እሄዳለሁ፣ የተበላሸ ስፌት አይቼ እመልሳለሁ፣ ማታ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ሥራ ላይ ማንም ቅር አልተሰኘብኝም። እንዲያውም “ጠንካራ ሴት” ተባልኩ። ጠንካራና ደንዛዛ ከሩቅ አይለዩም።

የሚያስቸግሩኝ ጎረቤቶቼ ነበሩ። በተለይ በግድግዳ የምንዋሰነው ኤዶ ሀሊማ። ኤዶ ማለት ሶማሊዎች አክስትን የሚጠሩበት ነው፤ እኛም ሰፈር ትልቁም ትንሹም እንደዚያ ነው የሚላት። ጉልበቷን የሚያማት፣ ድምጿ ግን ሦስት ቤት የሚያልፍ ሴት ናት። በየቀኑ መጣች። ሩዝ ይዛ፣ ሳምቡሳ ይዛ፣ አንዳንዴ ባዶ እጇን ወሬ ይዛ። እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥና ፊቴን ታያለች። ያ ነበር ያቃተኝ። አንድ ነገር ከፊቴ ላይ እንዲወጣ የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ የሚወጣ ነገር ደግሞ አልነበረኝም።

ስለዚህ የግቢዬን በር ከውስጥ ቆለፍኩት። ይሄ ሌላ አገር ምንም ላይሆን ይችላል። እኛ ሰፈር ግን ቀን ላይ የግቢ በር ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው፤ ከውስጥ ቁልፍ የሚያንጠለጥል ሰው “አትምጡብኝ” እያለ ነው። ኤዶ ሀሊማ አንድ ቀን መጥታ ገፋችው፣ እምቢ አላት። በመጋረጃው ቀዳዳ እያየኋት ነበር።

“ትርሲት፣ ውስጥ እንዳለሽ አውቃለሁ” አለች ከውጭ። “ሩዙን በሩ ሥር ትቼዋለሁ። እኔን ባትፈልጊ ሩዙ ምን አደረገሽ?”

ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

አሁን ወደ መኪናዋ እንምጣ። ትንሽ ነጭ አውቶማቲክ ናት። ወደ ሥራ የምነዳት እኔ ነበርኩ፣ የሚያስታምማት ግን ጌታቸው ነበር። ኤሌክትሪሺያን ነበር እንጂ መካኒክ አልነበረም፤ ሆኖም የካምቢዮ ዘይቷን ጋራዥ እንዲቀይርለት አይወድም። “ሞተር ሲታመም ይጮኻል፣ ጭስ ያወጣል፣ ሰው ይደርስለታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ዘይቱ ጠቁሮበት ዝም ብሎ ነው የሚሞተው” ይል ነበር። ዘይት የሚቀየርበት ቀን ሲደርስ መኪናዋን ትንሽ ነድቶ ያሞቃታል፣ ግቢያችን ውስጥ ያቆማታል፣ በክሪክ ያነሳታል፣ ሳፋ ይዞ ይገባል። እኔ ባትሪ አብሪ ነበርኩ።

ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ የኋላ ጎማዎቹን በትልልቅ ድንጋይ ከፊትም ከኋላም ያስደግፋቸዋል። እኔም ሁልጊዜ እስቅበታለሁ።

“አንተ ሰውዬ፣ ድሬ ላይ ምን ዳገት አለና ነው? ማርሹን ፒ ላይ አድርገህ የለም እንዴ?”

“ድንጋዩ ምን በደለሽ?” ይለኛል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም።

ሳቄ የብቻዬ አልነበረም። ከተማችን እንደ መዳፍ ሜዳ ናት። እዚህ አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ማርሹን ማቆሚያው ፒ ላይ ይጥልና ይወርዳል፤ የእጅ ፍሬን የሚስብ ሰው ካያችሁ ሐረር መንገድ ላይ የሚሠራ ሾፌር ነው። የእኛዋ መኪና የእጅ ፍሬንም ተጎትቶ ስለማያውቅ ገመዱ ላልቶ ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ መኪናዋ መታመም ጀመረች። ልነዳት መንጃው ዲ ላይ ሳደርጋት ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ዱብ ብላ ትይዛለች። ወንድሙ በስልክ “ሽጪያትና ተገላገዪ፣ ብቻሽን መኪና ምን ያደርግልሻል?” አለኝ። እሺም እምቢም አላልኩት። ጋራዥ ልውሰዳት ብዬም አስቤ ነበር። ነገር ግን የድሬ መካኒክ ሁሉ ጌታቸውን ያውቀዋል። ገና ሳልወርድ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ “እግዜር ያጽናሽ” ሊሉኝ ነው፣ እኔም “አሜን” ልል ነው። አሜን ማለት ሰልችቶኝ ነበር።

ዕቃ ቤት ስገባ ዘይቱን አገኘሁት። ራሱ ገዝቶ ያስቀመጠው ነው፣ እሽጉ አልተከፈተም። ምንም አልተሰማኝም። “አለ ማለት ነው” አልኩና አወጣሁት።

እሁድ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅኩ። ሰፈሩ ጸጥ ሲል የመኪናዋን ሞተር አስነስቼ አሞቅኳት፣ አጠፋኋት፣ ፒ ላይ አደረግኳት። የፊቷን አንድ ጎን በክሪክ አነሳሁ። የግቢያችን መሬት አሸዋ ስለሆነ ከክሪኩ ሥር ጣውላ አደረግኩ፤ ይህን እንኳ አልረሳሁም። ድንጋዮቹ ጥግ ላይ ነበሩ። አይቻቸዋለሁ። ከባድ ናቸው፣ ሙቀት ነው፣ ፒ ላይ ናት፣ ሜዳ ነው። ስልኬን ቤት ውስጥ ትቼ በጀርባዬ ገባሁ።

በኋላ አብዲ ነው ያስረዳኝ። አብዲ የኤዶ ሀሊማ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል። ፒ የሚይዘው የፊት ጎማዎቹን ነው፤ አንዱ የፊት ጎማ ከመሬት ከተነሳ ፒ የሚይዘው ነገር የለውም። የጌታቸው ድንጋይ ለዳገት አልነበረም። ይህን ለማወቅ ያለፍኩበትን መንገድ ለማንም አልመኝም።

ታፖው፣ ማለትም ዘይቱ የሚወርድበት ቡሎን፣ ጠብቆ ነበር። መፍቻ ቁልፉን አስገብቼ ስቤ ስቤ እምቢ ሲለኝ ሁለት እግሬን አሸዋው ውስጥ ተክዬ ባለኝ ኃይል ጎተትኩት። ታፖው እሺ አለ። በዚያው ቅጽበት መኪናዋም ተንቀሳቀሰች። ክሪኩ ሲዘም አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የዘመመው፤ “ልውጣ” ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበር፣ ለመውጣት ግን አልበቃም።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። መኪናዋ ዱፍ ብላ ተቀመጠችብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ከአፍንጫዬ በላይ ጥቁር ብረት ነው። ደረቴ ተጠፍሯል፣ ግራ ክንዴ ከብረቱና ከአሸዋው መካከል ገብቶ ቀርቷል። የላላው ታፖ ዘይቱን በቀጭኑ ያንጠባጥባል፣ ትኩስ ነው፣ አንገቴ ላይ ይወርድና ወደ ጀርባዬ ይገባል። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። እግሮቼ ከጉልበቴ በታች ውጭ ናቸው፣ ፀሐይ ላይ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። አልፈራሁም። መጀመሪያ ያሰብኩት ሰኞ ጠዋት መስመሩን ማን ያያል የሚለውን ነው። ቀጥዬ ደግሞ “እንግዲህ ይኸው” አልኩ። ልክ የማልጠብቀው አውቶቡስ እንደመጣልኝ። ብዙ ሰው ሞት ሲመጣ እናቴ ታየችኝ፣ ልጅነቴ ታየኝ ይላል። ለእኔ የታየኝ የመኪና ሆድ ነው፣ ጭቃና ዝገት። ትንፋሼ አጭር ነበር፤ ከግማሽ በላይ አይገባም። ከዚያም ያነሰ ሄደ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። እንቅልፍ ከወሰደኝ እንደማልነቃ ገብቶኛል። ከተማው ተኝቷል፣ እኔም ብተኛ ማንን ይጎዳል አልኩ።

እንዲህ እያልኩ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ቀኝ እጄ ነው። ከጎኔ ሥር አሸዋ እየዛቀ ወደ ውጭ ይጥላል። ዛቅ፣ ጣል። ዛቅ፣ ጣል። ማን አዞት ነው? እኔ አላዘዝኩትም። ትዝ ይለኛል፣ ተናደድኩበት። “ምን አባህ ታደርጋለህ?” አልኩት በልቤ። አይሰማኝም። ጥፍሩ ተሰብሯል፣ ይዝቃል። ለብዙ ወራት እኔ ምንም አልፈልግም ስል እሱ ሌላ ሐሳብ ነበረው ማለት ነው። ከጎድን አጥንቶቼ ሥር ትንሽ ጉድጓድ ሲሆንለት ገላዬ ወደ ታች ሰመጠና አንድ ሙሉ ትንፋሽ ገባልኝ።

ያ ትንፋሽ ነው ያበላሸኝ። ገብቶ ሲወጣ ሌላ ፈለግኩ።

ፍርሃቱም የመጣው ያኔ ነው። አሁን የምሞት ከሆነ እየፈለግኩ ነው የምሞተው። “ኤዶ!” ብዬ ጮኽኩ። ጩኸት ነው እንጂ ድምፅ አልነበረውም፤ እንደ ጎማ ነፋስ ሲስ ብሎ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ ቬንትሌተሩ ይጮኻል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የአብዲ በርጫ ነው፤ ወንዶቹ ተሰብስበው ቴሌቪዥን ከፍተዋል። በሰው የተሞላ ሰፈር መካከል ነኝ። የግቢዬ በር ተቆልፏል፣ የበሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። እስከ አዛን ድረስ የሚሰማኝ ፍጡር እንደሌለ አወቅኩ፤ ከአዛን በኋላ ግን ኤዶ ሀሊማ ውዱእ ልታደርግ፣ ለሰላቷ ልትታጠብ፣ ከግድግዳው ሥር ወዳለው ቧንቧ ትወጣለች። ያ ቧንቧ ከራሴ ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ አዛን መጠበቅ ጀመርኩ። ተወልጄ ያደግኩት በአዛን መሐል ነው፣ ከመልመዴ የተነሳ ሰምቼውም አላውቅም ማለት ይቻላል። በዚያች ቀን ግን እንደዚያ የጠበቅኩት ነገር የለም። እመቤቴን እየጠራሁ አዛን ጠበቅኩ። እጄ ይዝቃል። ፀሐይዋ ከቅልጥሜ ወደ ጉልበቴ መጣች። ግራ ክንዴ መጀመሪያ ነዘረኝ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ የሌለ ያህል ሆነ። አንዳንዴ ዓይኔ ይከደንና እጄ ሲቆም እባንናለሁ፤ “ቀጥል” እለዋለሁ። አሁን አዛዡ እኔ ሆኜ ነበር።

መጀመሪያ የጀመረው የሩቁ መስጊድ ነው። ቀጥሎ የመሐሉ፣ ቀጥሎ የእኛው። ቬንትሌተሩ ጠፋ። የበር ድምፅ። የኤዶ ሀሊማ ነጠላ ጫማ በሲሚንቶው ላይ ሲጎተት። ቧንቧው ተከፈተ።

“ኤዶ” አልኩ። ውሃው ከእኔ በላይ ይሰማል። “ኤዶ” አልኩ እንደገና። ቧንቧው ተዘጋ፣ ጫማዋ ወደ ኋላ ተመለሰ። በሙቀት ጊዜ በረንዳዋ ላይ ነው የምትሰግደው፤ መስገጃዋን ስትዘረጋ የሚያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ።

መፍቻ ቁልፉ ከእጄ አምልጦ ወድቆ ነበር። በተቆፈረው አሸዋ ትከሻዬ ትንሽ ስለተላቀቀ በጣቶቼ ጫፍ ደረስኩበት። ከላዬ ያለውን ብረት መታሁት። ቀጭ። ቀጭ።

“ትርሲት!” አለች ከግድግዳው ማዶ፣ ያ ሦስት ቤት የሚያልፍ ድምጿ። “ወላሂ አንቺ ሴት፣ በሩን ዘጋሽብን አልንሽ፣ ደግሞ በእሁድ ብረት ትቀጠቅጫለሽ? አቦ ልሰግድ ነው፣ ትንሽ ጸጥ በይልኝ!”

ጸጥ አልኩ። ሃምሳ ዓመት የማይሞላው የድሬ ልጅነቴ ነው ጸጥ ያሰኘኝ። ሰላት ላይ ያለ ሰው አጠገብ አይጮኽም። ልጅ ሆነን ኳስ ስንራገጥ እንኳ የሚሰግድ ሰው ካለ ኳሱን ይዘን ቆመን እንጠብቃለን፤ ክርስቲያኖቹ እንዲያውም የበለጠ እንጠነቀቃለን፣ ነውሩ የእኛ እንዳይሆን። ከማዶ “አላሁ አክበር” ስትል ሰማሁ።

እጠብቃታለሁ አልኩ። ሰላት አጭር ናት፣ ስትጨርስ እመታለሁ። ግን ትንፋሼ እንደገና እያጠረ ነበር፤ አሸዋው መዛቅ ሲቆም መኪናዋ ትንሽ ትንሽ ትከተለኛለች። ስትጨርስ ደግሞ ተነስታ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ከገባች በኋላ ብረት ብመታ ጥጋብ ነው የሚመስላት። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። አሁን ብመታ፣ ሰላት ላይ እያለች ብመታ፣ ይህ ሰፈር ውስጥ ያደገ ጤነኛ ሰው የማያደርገውን ነው የማደርገው።

መታሁ። ባለኝ ኃይል፣ ሳላቋርጥ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። እያፈርኩ ነው የመታሁት፤ በዚያ ሰዓት ማፈሬን አሁን ሳስበው ይገርመኛል። የሰላት ማጉረምረሟ ቀጠለ። መታሁ። ማጉረምረሟ ቆመ።

ከዚያ ድምጿ መጣ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ቀስ ብላ።

“ትርሲት? አንቺ እንደዚህ ባለጌ አይደለሽም። ምን ሆነሽ ነው?”

አንድ ጊዜ መታሁ። ሌላ አልቻልኩም።

“አብዲ!” ስትል ሰፈሩ ተንቀጠቀጠ። “አብዲ ዋሪያ! ተነሱ! ሴትዮዋ ሞተች!”

በሩ ላይ ደረሱ፣ ገፉት፣ ተቆልፏል። ኤዶ ሀሊማ በሶማሊኛም በኦሮምኛም በአማርኛም ትሳደባለች፤ በሩን ይሁን እኔን እንጃ። አብዲ በግድግዳው ዘሎ ገባ፣ ሲያየኝ “ያ አላህ” ብሎ ቆመ። ጓደኞቹ ተከትለው ዘለሉ። ጉንጫቸው በጫት እንደተወጠረ ተሰልፈው የመኪናዋን ፊት ያዙ።

“አታንሷት፣ መጀመሪያ ድንጋይ አድርጉ!” አለ አብዲ። “ድንጋዩ የታለ? ጌታቸው ድንጋይ ነበረው!” ጥግ ላይ አገኙት። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወሸቁት። “በሉ፣ ቢስሚላህ!”

አንዱ “በስመ አብ!” አለ። ሁለቱም ሠራ። መኪናዋ ከላዬ ተነሳች፣ አብዲ ከብብቴ ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ኪሴን ፈትሾ ቁልፉን አውጥቶ ለእናቱ በሩን ከፈተላት።

አሸዋው ላይ ተጋድሜ ሰማዩን አየሁ። አሁንም ምንም አልተሰማኝም። “ደህና ነኝ” አልኳቸው፣ ለወራት ለሰው ሁሉ ስለው እንደነበረው። ከዚያ ደሙ ወደ ክንዴ ተመለሰ።

እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የሌለ የመሰለኝ ክንድ ከጣቶቹ ጀምሮ እሳት ያዘው። ወደ ክርኔ ወጣ፣ ወደ ትከሻዬ ወጣ፣ ደረቴ ገባ። አፌ ተከፈተ። የወጣው ግን “እጄን” የሚል አልነበረም።

“ጌታቸው!” አልኩ። “ጌታቸው! ጌታቸው ኧረ! የት ሄድክብኝ?”

ድምፁን ራሴ አላውቀውም ነበር። አንዱ ልጅ “ክንዷ ተሰብሯል፣ ባጃጅ ጥሩ!” አለ። ኤዶ ሀሊማ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችው። በሚያማት ጉልበቷ ዘይት የጠጣው አሸዋ ላይ ዝቅ ብላ ራሴን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

“ተዋት፣ ክንዷ አይደለም” አለች። “ሰውዬው አሁን ነው የሞተው። አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ።”

ከዚያ ወንዶቹን ቀና ብላ አየቻቸውና፣

“ምን ቆማችኋል? ለቅሶ ነው፤ ቁጭ በሉ” አለቻቸው።

ቁጭ አሉ። ጫታቸውን ከአፋቸው እያወጡ፣ አንድ በአንድ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። አብዲ ፊቱን በሸሚዙ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ፤ ጌታቸውን እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የሚያየው፣ እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ስለ ሐዘኑ አልጠየቅኩትም። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ጩኸቴን የሰሙ ሴቶች ገቡ። ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የመጡት ሁሉ እየተቀመጡ አለቀሱ። ግንቦት ላይ፣ ጌታቸው የሞተ ሰሞን፣ ሊያለቅሱልኝ መጥተው በደረቅ ፊቴ የመለስኳቸው ሰዎች ናቸው። ስንት እንባ ተቀምጦላቸው ኖሯል።

ሐኪም ቤት የወሰዱኝ ከዚያ በኋላ ነው። ክንዴ አልተሰበረም፤ ጅማቱ ተጎድቷል አሉ። ስንመለስ ኤዶ ሀሊማ በረንዳዬ ላይ አስቀመጠችኝና ውሃና ንጹሕ አንሶላ ጠየቀችኝ።

“ለምን?”

“ሰላቴን አቋርጬ ነው የመጣሁት፣ ፀሐይ ሳትገባ ልጨርስ እንጂ” አለች፣ እንደ ተራ ነገር።

እዚያው በረንዳዬ ላይ ሰገደች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ክንዴን ታቅፌ፣ ድምፅ ላለማሰማት ከንፈሬን ነክሼ አለቀስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ደስተኛ ሆንኩ እንድላችሁ አትጠብቁ። መኪናዋን አልሸጥኳትም፤ ዘይቷን አብዲ ቀየረልኝ፣ ጌታቸው በገዛው ዘይት፣ እኔ ባትሪ አበራሁለት። ጠዋት ሥራ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ፣ ከውጭ ለሚያየኝ ያው ትርሲት ነኝ። እንዲያውም የባሰብኝ ይመስላል፤ ሻይ ላይ ስኳር ስጨምር ማልቀስ አምጥቻለሁ፣ ፋብሪካ ውስጥ “ምን ነካት?” የሚሉ አሉ። “ጠንካራ” የሚለኝ የለም።

ምክር አልሰጣችሁም፤ መኪና በክሪክ የምታነሱ ከሆነ ድንጋይ አስደግፉ፣ ይኸው ነው ምክሬ። ነገር ግን ከእናንተ መካከል “ምንም አይሰማኝም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ” የሚል ካለ እኔም እንደዚያ እል ነበር። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ ደንዝዘዋል። ጨርቅ ስነካ አያውቁትም፣ ትኩስ ብርጭቆ ሲነኩ አይሸሹም። በእነሱ በኩል ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ሌላው አካላቴ ሁሉ ግን ያውቃል። ጌታቸው ሞቷል፣ ያመኛል።